ስክሪኑ ላይ የሌለችው ልጅ

«ማታ ትልልቅ እንግዶች ስላሉ ሳሎን ዝር እንዳትዪ። ጓሮ ሆነሽ ዕቃ እጠቢ፤ ስትመጪም ስትሄጂም በኋላ በር ነው።» ይህን ያለው የቤቱ ታላቅ ልጅ ነው፤ መስታወት ፊት ቆሞ ክራቫቱን እያስተካከለ፣ ወደሚያናግራት ሴት ዞር እንኳ ሳይል። ሴትዮዋ ልብስ የሞላ ሳፋ በሁለት እጇ እንደያዘች ኮሪደሩ ላይ ቆማለች። ቤት ውስጥ ሁሉም «አጣቢዋ» ነው የሚላት። ከንፈሮቿን ወደ ውስጥ ሰብሰብ አደረገች፣ መናገር ስትፈራ ልማዷ ነው፣ ከዚያ «እሺ» አለችና ወደ ጓሮ ወጣች። ታናሽ እህቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣ ሻይዋን እየጠጣች ሁሉንም ሰማች። ቅር አላት። ግን ቅር ማለት ብቻውን ምን ይሠራል? እሷም ጭጭ አለች። ነፍስ ካወቀችበት ጊዜ ጀምሮ ይህቺ ሴት የዚህን ቤት ልብስ ታጥባለች፤ እሷን ራሷን አዝላ አሳድጋታለች ይባላል። ዛሬ እናትየው ሰባ ዓመት ሞላቸው ተብሎ ቤቱ ሲያሸበርቅ፣ ያቺው ሴት ከሰው ዓይን ትደበቅ ተባለ። እናትየው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ዳቦአቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው፣ ልጃቸው የተናገረውን እንዳልሰማ ሰው ግድግዳውን እያዩ፣ እዚያው ረሱት። ዳቦው ረጥቦ ረጥቦ ተቆረጠና ብርጭቆው ውስጥ ወደቀ። «እማዬ፣ ሻይሽ» አለች ልጅቷ። «ይሁን» አሉ።

ልጅቷ ማተሚያ ቤት ውስጥ ዲዛይነር ናት። ለዛሬ ማታ የሚታደለውን መጽሔት የምትሠራውም እሷ ናት፤ ወንድም ጋሼ አዝዟል፣ ወንድም ጋሼ ካዘዘ ደግሞ አለቀ። ባንክ ውስጥ ትልቅ ወንበር አለው፣ አለቆቹን ከነሚስቶቻቸው ጋብዟል፣ እናቱ በሚያብረቀርቅ ወረቀት ላይ እንዲወጡለት ይፈልጋል። መቼም ሰው እናቱን ቢያከብር አይከፋም። መጽሔቱ ጥቂት ገጽ ነው፤ የእናትየው ታሪክ፣ የልጆች ምስጋና፣ መካከል ላይ ደግሞ ሁለቱን ገጽ ሙሉ የያዘው የቤተሰቡ ፎቶ። ይህ ፎቶ አባትየው ጡረታ ሲወጡ ከተሠራው መጽሔት ተወስዶ በዚያ ቤት ሳሎን ውስጥ በትልቅ ፍሬም ተሰቅሏል። ነጭ መጋረጃ በተዘረጋበት ስቱዲዮ ውስጥ የተነሣ ነው፤ ሟቹ አባት ወንበር ላይ፣ እናትየው አበባ ያለበት ቀሚስ ለብሰው ከጎናቸው፣ ወንድም ጋሼ በቁምጣ መካከላቸው ቆሞ፣ ዳር ላይ ደግሞ ትንሽ በርጩማ ላይ እሷ ሕፃኗ። ፎቶውን ያየ ሁሉ የሚደነቀው በሷ ነው። ገና በወራት የምትቆጠር ጨቅላ፣ ማንም ሳይይዛት፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች። «እሷማ ያኔም ጉደኛ ነበረች፣ ብቻዋን ነው የተቀመጠችው» እየተባለ ስንት ጊዜ ተወርቷል! እሷም ሰው ሲጠይቃት አፏን ሞልታ ትናገረው ነበር። በሕይወቷ ያደረገችው ትልቅ ነገር ይመስል።

የፎቶው ዋና ቅጂ የት እንደገባ አይታወቅም። ፋይሉ ግን ማተሚያ ቤቱ ውስጥ አለ፤ አባትየው ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤታቸው ያሳተመላቸው መጽሔት እዚሁ ነበር የተሠራው፣ እሷ ገና ተማሪ ሳለች፣ ዛሬ በሌለችው በቀድሞዋ ዲዛይነር እጅ። ጠዋት እንደገባች ከቁም ሳጥኑ አሮጌ ሲዲ ፈልፍላ አወጣች፤ ገጹን እንዳለ ገልብጣ አዲሱ መጽሔት ውስጥ አስቀመጠችው። ስክሪኑ ላይ ቁጭ አለ፤ አባት፣ እናት፣ ወንድም ጋሼ፣ ብቻዋን የተቀመጠችው ጉደኛ ሕፃን። «አስወጣልኝ» ብላ ላከችው። ማተሚያ ክፍሉ ከእሷ ክፍል ጋር በመስታወት ነው የሚለየው፤ እዚያ የሚሠራው ጎልማሳ ጣቶቹ ዓመቱን ሙሉ ቶነር በሚባለው የማሽን ዱቄት ቀለም ከመጥቆራቸው የተነሣ «ቶነር» ነው ስሙ። አዲስ ማሽን በቅርቡ ገብቶለታል፤ ሙሽራ እንደገባለት ሰው በየቀኑ ይወለውለዋል። አሮጌው ጥግ ላይ ጨርቅ ለብሶ ቆሟል፣ የሚጥለው አልተገኘም እንጂ ጡረተኛ ነው።

ቶነር ወረቀቱን ይዞ ገባና «ቤተሰብሽ ያምራል፤ ታላቅ እህት እንዳለሽ ግን ነግረሽኝ አታውቂም» አለ።

ቀልድ መሰላት። ወረቀቱን ተቀበለችው፤ ገና እንደ ትኩስ ዳቦ ይሞቃል። አየችና ክው አለች። ከበርጩማው ኋላ፣ ስክሪኑ ላይ ነጭ መጋረጃ ብቻ ባለበት ቦታ፣ አንዲት ልጅ ተንበርክካለች። አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። ሁለት እጆቿን ሕፃኗ ብብት ሥር አስገብታ፣ ቀጥ አድርጋ ይዛታለች። ሌሎቹ ሁሉ ወደ ጎን፣ ፎቶ አንሺው ጣቱን ወደቀሰረበት ነው የሚያዩት፤ ልጅቷ ብቻ ቀጥ ብላ ወደ ፊት፣ ወረቀቱን ወደያዘው ሰው ታያለች። ዲዛይነሯ ቀና ብላ ስክሪኑን አየች፤ አራት ሰው። ወረቀቱን አየች፤ አምስት። ወረቀቱን ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው፣ የልጅቷን ዓይን እንዳታይ።

«ጥላ ነው» አለ ቶነር፣ ፊቷን ሲያይ ቀልዱን ትቶ። በእነሱ ሥራ ጥላ የሚባል ጣጣ አለ፤ ማሽኑ ቀድሞ ያተመው ሥዕል ሳይጸዳ ቀርቶ በሚቀጥለው ወረቀት ላይ ብዥ ብሎ ይወጣል። ነገር ግን ጥላ ደብዛዛ ነው፤ የዚህች ልጅ የቀሚሷ አዝራር ይቆጠራል። ደግሞስ ጠዋት ቀድሞ የታተመው የመድኃኒት ቤት ማስታወቂያ ነው፤ ልጅ ከየት መጣ? የሆነው ይሁን ብለው ባዶ ወረቀት ደጋግመው አሳለፉ፤ ነጭ በነጭ ወጣ። ፎቶውን ላኩ፤ ልጅቷ መጣች። ማሽኑ ሆድ ውስጥ የቀረ ሥራ ይኖራል ብለው አጥፍተው፣ ሻይ ጠጥተው፣ መልሰው አበሩት፤ መጣች። ኮምፒውተሩንና ማተሚያውን የሚያነጋግረውን ፕሮግራም አውጥተው እንደገና ጫኑት፤ መጣች። ገጹን ፒዲኤፍ አድርጋ በሌላ ኮምፒውተር ከፈተችው፤ እዚያም ስክሪን ላይ አራት ሰው፣ ከዚያው ኮምፒውተር ሲታተም አምስት። በየጊዜው ያው ፊት፣ ያው ቀጥ ያለ ዓይን። ክፍሉ ፀሐይ የሚገባበት፣ ሬዲዮ የሚያንጎራጉርበት ተራ ክፍል ነው፤ ቢሆንም ዲዛይነሯ ከማሽኑ አፍ ወረቀት ሽው ብሎ በወጣ ቁጥር ጀርባዋን ለግድግዳ መስጠት ጀመረች። ቶነር ደግሞ ያ ሁሉ ወሬው ጠፍቶ፣ ማሽኑን ሲነካው በጣቱ ጫፍ ሆነ።

በመጨረሻ አሮጌውን ገለጡት። እያቃሰተ፣ እየተንቋቋ አንድ ወረቀት አወጣ። አራት ሰው። ሕፃኗ ብቻዋን ተቀምጣለች። ቶነር ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዞ «አሮጌው አያያትም፣ አዲሱ ያያታል» አለ፤ ማንም አልሳቀም።

ምን ታድርግ? ወረቀቱን በስልኳ አንስታ ለወንድም ጋሼ ላከችለት። «ከማሽኑ እንዲህ እየወጣብኝ ተቸገርኩ» ብላ ጻፈችበት። እንደ ልማዱ ወዲያው ይመልሳል ብላ ስልኩን እያየች ጠበቀች። መልእክቱን እንዳየው ታያት፤ መልስ ግን አልመጣም። ቆየ። ቆየና አንድ ቃል መጣ፤ «አጥፊው»። ዲዛይነሯ ቃሉን ደጋግማ አነበበችው። ሰው ቤተሰቡ ፎቶ ውስጥ የማያውቃት ልጅ ብቅ ብትልበት መጀመሪያ የሚጠይቀው ምንድን ነው? ማን ናት አይልም? ወንድሟ አልጠየቀም። ከልጅቷ ፊት ይልቅ ይህ አስፈራት።

ተመልሳ ተቀመጠችና መጀመሪያ ማድረግ የነበረባትን አደረገች። ፍርሃት ሙያን ያስረሳል። ፕሮግራሙ ሥዕሉን ሁሉ ገፎ የነገሮቹን ጠርዝ ብቻ በመስመር የሚያሳይበት መንገድ አለው፤ ከፈተችው። ፎቶው ባዶ አራት ማዕዘን ሆነ፤ በላዩ ላይ ግን አንድ ሌላ መስመር ታየ። በእጅ የተሳለ፣ ነጥብ በነጥብ የተለቀመ ቅርጽ፣ የተንበረከከች ልጅ የሚያህል። ሕፃኗ ጋ ሲደርስ በትከሻዋ ዙሪያ ዞሮ፣ ብብቷ ሥር ገብቶ፣ እጆቹን ብቻ ለቅሞ ወጥቷል። ገጹ ተቆልፎ ስለነበር በጠቅታ አይያዝም ነበር። ቁልፉን ፈታችና ቅርጹን በማውስ ይዛ ወደ ጎን ሳበችው። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ ተገለጠች፤ ስንት ዓመት እዚያ ሥር ተንበርክካ እንደቆየች!

ምክንያቱ ያኔ ገባት። ነጭ በነጭ ላይ አይታይም፤ ስለዚህ የቀድሞዋ ዲዛይነር ቅርጹን የሳለችው በጥቁር ነው፣ ሲያልቅላት ወደ ነጭ ለወጠችው። ጥቁር ቀለም ደግሞ በሙያቸው አንድ ትእዛዝ አብሮት ይሄዳል፤ ሥሩ ያለውን ሳታነሣ በላዩ ላይ ታተም የሚል። ቀለሙ ሲለወጥ ትእዛዙ ሳይለወጥ ቀረ። ማተሚያ ነጭ ቀለም የለውም፤ ነጭን በላዩ ላይ አትም ሲባል ምንም አያትምም፣ ሥሩ ያለውም እንዳለ ይወጣል። አሮጌው ማሽን እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይገባውም ነበርና ሸፈናት፤ አዲሱ የታዘዘውን ፈጸመ። በቃ፣ ይኸው ነው። አንድ ምልክት ማንሣት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ልጅቷ ድራሿ ይጠፋል። ሰይጣንም መንፈስም የለበትም። ዲዛይነሯ እፎይ ልትል ይገባት ነበር። አላለችም። የቅርጹን ጥንቃቄ እያየች ነበር፤ ሰውን ለማጥፋት ይህን ያህል መጠንቀቅ! ደግሞም አሁን ፊቱን ሳትፈራ ስታየው የልጅቷ ቀሚስ ከእናቷ ቀሚስ ጋር ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ መሆኑን አየች። ከንፈሮቿንም አየች፤ ወደ ውስጥ ተሰብስበዋል። ዛሬ ጠዋት ኮሪደር ላይ «እሺ» ያለውን ፊት እድሜውን ቀንሳ አወቀችው፤ አጣቢዋ ናት።

ለምሳ ወጣሁ ብላ ቤት ሄደች። ሳሎኑ ለማታ ተዘጋጅቷል፤ ከጎረቤት የመጡ ወንበሮች በረድፍ፣ ጠረጴዛው ላይ ኬክ በካርቶኑ። እናትየው አዲሱን ቀሚስ እንዳይጨማደድ ጉልበታቸው ላይ ዘርግተው ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ወረቀቱን ሰጠቻቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፣ አዩት። በመስኮቱ በኩል ከጓሮ ልብስ ሲጨመቅ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማል።

«ያቺ ልጅ እጇ አይደክማትም ነበር» አሉ በመጨረሻ።

«እማዬ፣ ማን ናት?»

«ልጄ ናታ።» እንዲህ እንደ ዋዛ። «አባትሽን ሳላገባ የወለድኳት። ማን ትሆናለች ሌላ?»

ዲዛይነሯ ከጎረቤት ከመጡት ወንበሮች አንዱ ላይ ቁጭ አለች። ንዴቱ ቀድሞ የሄደው ወደ ሟቹ ነው፤ «አባዬ ነዋ ያስጠፋት!» አለች። እናትየው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አባትሽ ምን አደረገ? እሱማ ለጡረታው መጽሔት ፎቶው ሲመረጥ ‹እንዳለ ይውጣ› ነው ያለው። እኔ ነኝ። ማተሚያ ቤት በእግሬ ሄጄ፣ ዲዛይነሯ አጠገብ ቆሜ፣ ‹ሕፃኗን እንዳትነኪያት፣ እሷን ብቻ› እያልኩ። ሰው ይቆጥራል፣ ሚጣ። የልጅቷን ቁመት አይቶ፣ የሠርጌን ዓመት ያሰላል። ወንድምሽ ያውቃል፤ በልጅነቱ እህቴ ይላት ነበር። ሲያድግ ተወው።» ድምፃቸው አልተንቀጠቀጠም። የገበያ ወሬ የሚያወሩ ይመስላል። «አሁንስ?» አለች ዲዛይነሯ። እናትየው ወረቀቱን መልሰው ሲሰጧት በአውራ ጣታቸው የልጅቷን ፊት አንድ ጊዜ ዳበስ አደረጉና «ቆንጆ ልጅ ነበረች» ብቻ አሉ። ዲዛይነሯ ይህንን እንደ ፈቃድ ቆጠረችው። ሰው የሚፈልገውን ነው የሚሰማው።

በጓሮ በር ወጣች። ሴትዮዋ ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ ታሰጣለች። ምን ብላ እንደምትጠራት ጨነቃት፤ በሕይወቷ ሙሉ በስም ጠርታት አታውቅም፤ «ነይማ» ነው፣ «ይቺን እጠቢልኝ» ነው። አጠገቧ ሄዳ ወረቀቱን ዝም ብላ ዘረጋችላት። ሴትዮዋ እጇን በቀሚሷ አድርቃ፣ ሳትነካው አየችው። ፈገግ አለች። «ውይ፣ ስታለቅሺ አስቸግረሽን! ፎቶ አንሺው ‹ካልያዛችኋት አላነሣም› ብሎ» አለች።

«ታውቂ ነበር?» አለች ዲዛይነሯ፤ እንባዋ መጥቷል።

«ምኑን? እናቴን? ሰው እናቱን አያውቅም እንዴ፣ ሚጡዬ?»

«ማታ ሁሉም ሰው እንዲያይሽ አደርጋለሁ። መጽሔቱ ላይ ትወጫለሽ።»

ሴትዮዋ ፈገግታዋን አቆመች። ወዲያ ወዲህ አየች፣ የጓሮውን በር አየች። «ተይ» አለች ዝግ ብላ። «እኔ ያለሁበትን አውቀዋለሁ፤ ለምጄዋለሁ። አንቺ ነሽ አዲስ። አታውጪኝ። እሳቸው ካላሉ በቀር አታውጪኝ፣ እባክሽ።» አንሶላውን አነሣች፤ በመካከላቸው ተዘረጋና ፊቷ ጠፋ። ከበስተኋላው ጥላዋ ብቻ ከፍ ዝቅ ሲል ይታያል።

አታውጪኝ ተብላለች፤ በግልጽ፣ እባክሽ ተብላ። ግን እልህ ያዛት። ፍትሕ የእሷ ጉዳይ መሰላት፤ ስንት ዓመት ብቻዬን ተቀመጥኩ ስትል የኖረችው ሴት ዛሬ ቢያንስ ይህን ማድረግ አለብኝ አለች። ማታ ያቺ ሴት ከእናቷ ልጆች አንዷ ሆና ሳሎን ውስጥ ትቀመጣለች፤ ካልሆነም እስክትሞት ሳፋ ተሸክማ ትኖራለች። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱ ዛሬ ይቆረጣል። ማተሚያ ቤት ተመልሳ ቅርጹን ወደ ቦታው መለሰችው፣ ትእዛዙን ግን አልነካችም። ወንድም ጋሼ ከሥራ ሲወጣ ማተሚያ ቤቱ ድረስ መጣ፤ ፊቱ እንደተቋጠረ ስክሪኑ ላይ አጎነበሰ። አራት ሰው። «በወረቀት አሳዪኝ» አለ፣ ሞኝ አይደለም። ከአሮጌው ማሽን የወጣውን ሰጠችው፤ አራት ሰው። ወረቀቱን አጥፎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። «ጎሽ» አለ፤ ቀጥሎም ጎንበስ ብሎ፣ ቀስ ብሎ፣ «ለእማዬ ብዬ ነው» አላት። እውነቱን ይሁን ውሸቱን አልለየችም። እሱ መኪናው ጋ ሲሄድ ቶነር በመስታወቱ አየት አድርጓት «በየትኛው ላስወጣው?» አለ። «በአዲሱ» አለች። መጽሔቶቹ ታትመው፣ ተሰፍተው፣ በወረቀት ተጠቅልለው መኪናው ላይ ተጫኑ። ማንም አልገለጣቸውም።

ሲመሽ እንግዶቹ ገቡ። የባንኩ አለቃ ከነሚስታቸው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ፤ ሌሎቹም እንደየማዕረጋቸው ወደ ኋላ። ሳሎኑ ሽቶ ሽቶ ሸተተ። እናትየው በአዲሱ ቀሚስ መሀል ላይ ተቀምጠው፣ ለሁሉም ራሳቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ወንድም ጋሼ ንግግር አደረገ፤ ደህና ተናጋሪ ነው፣ አንድ ሁለት ሰው እንባውን ጠረገ። ከዚያ መጽሔቱ ታደለ። ወረቀት ሲገለጥ ክፍሉ ሙሉ አንድ ላይ ሸሸሸ አለ። ዲዛይነሯ በር አጠገብ ቆማለች። ወንድም ጋሼ ለእንግዶቹ ለስላሳ እየቀዳ ብርጭቆ አለቀበት፤ ጠዋት ያለውን ረስቶ ወደ ጓሮ «ብርጭቆ አምጡ!» ብሎ ተጣራ። ዞር ሲል የአለቃውን መጽሔት መካከለኛ ገጽ አየ። እጁ ወደ ኮቱ ኪስ ሄደ፣ የታጠፈውን ወረቀት ነካ፣ እዚያው ቀረ። እህቱን አያት። ቀጥ ብላ አየችው። በዚያች ቅጽበት ደስ አላት፤ ሲያምርህ ይቅር አለችው በሆዷ።

የአለቃው ሚስት መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ገጹን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ደግ ሴት ናቸው፣ ለክፋት አይደለም። «እንዴት ያለ ፎቶ ነው እባካችሁ! ይህቺ ሕፃኗን የያዘችው ደግሞ ማን ናት? ቀሚሷ ከእርስዎ ጋር አንድ ነው» አሉ። ያጠገባቸው ሰዎች ገጹን ፈለጉ። ወሬው ቀስ እያለ ቆመ፤ ሁሉም ወደ እናትየው ዞረ። እናትየው አፋቸውን ከፈቱ። በይ እማዬ፣ አለች ዲዛይነሯ በልቧ፣ ቀን ላይ ለኔ እንዳልሽው በይ፣ ሁለት ቃል ናት። የእናትየው ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፅ አልወጣም። ዓይናቸው ክፍሉን ዞሮ፣ መውጫ እንደጠፋው ሰው፣ ተመልሶ ገጹ ላይ ወደቀ። ሳሎኑ ውስጥ ያሉት ሰዎች ሁሉ ፎቶ ለመነሣት የተቀመጡ ይመስላሉ።

«እኔ ነኝ» የሚል ድምፅ ከኋላ በር በኩል መጣ። ሴትዮዋ ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ቆማለች። ፊቷን ወደ እናትየው አላዞረችም፤ ለአለቃው ሚስት ነው የተናገረችው፣ ጥርት ባለ ድምፅ፣ እንደተጠና ነገር። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሠራተኛቸው ነኝ። ቀሚሱንም ከራሳቸው ጨርቅ ቆርጠው ያሰፉልኝ እትዬ ናቸው። እንደ ልጅ ነው ያሳደጉኝ።»

«ውይ! ውይ ደግነት!» አሉ የአለቃው ሚስት፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ሠራተኛቸውን እኮ ከቤተሰቡ ጋር ፎቶ ያነሡ ናቸው፣ በዚያ ዘመን! ሰው ማለት እንዲህ ነው!» አለቃውም ራሳቸውን እየነቀነቁ አጨበጨቡ። ከኋላ ሌላው ተቀበለ፤ ሳሎኑ ሙሉ ለእናትየው ደግነት አጨበጨበ። ወንድም ጋሼ ላቡን ጠርጎ ሳቅ አለ። ሴትዮዋ በጭብጨባው መካከል አልፋ ትሪውን እናትየው ፊት ዝቅ አደረገች። እናትየው ብርጭቆ አነሡ። ቀና ብለው፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ሲያዩዋት አይቷቸው በማያውቅ አኳኋን፣ ዓይን ለዓይን አዩዋት።

«እግዜር ይስጥሽ» አሉ።

«አሜን፣ እትዬ» አለች ልጃቸው፤ ትሪውን ይዛ ወደሚቀጥለው እንግዳ ዞረች።

ዲዛይነሯ ከበሩ ወደ ፊት አንድ እርምጃ ሄደች። ውሸት ነው፣ እህቴ ናት፣ ልትል ነው። እሷም አፍ አላት፤ ለማሽኑ ትታው ኖሯል እንጂ። ሰዎቹ ወደ እሷ ዞረው ፈገግ አሉላት፣ የደግ ሴት ልጅ ናትና። ድምፅ እምቢ አላት። ዝቅ ብላ ስታይ እጆቿ ከሰው ጋር እያጨበጨቡ ነው።